ልጅዎ ባሌት መማር ሲፈልግ፦ ከመጀመሪያው ክፍል እስከ ሙያ ትምህርት ቤት ምርጫ እንዴት ይረዱታል?

ለጎረቤቴ «ልጄ ባሌ ጀመረች» ብዬ የነገርኳት ዕለት፣ ቡናዋን አስቀምጣ «ባልሽ ደግሞ ምን ጀመረ?» አለችኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ቃሉን ከነ«ት»ው ባሌት እለዋለሁ፤ በዚህ ጽሑፍም እንዲሁ ይቆያል። ልጄን ላለፉት ዓመታት ከአራት ኪሎ ወደ ክፍሏ ስወስድና ስመልስ የተረዳሁት፣ ወላጅ ዳንሱን ማወቅ እንደማይጠበቅበት ነው። አስተማሪዋ እግሯን ታያለች፤ እግሯ የሚያርፍበትን ወለል፣ የምትበላውን ምግብና የምትሞላውን ቅጽ የሚያየው ግን ወላጁ ብቻ ነው። ቀጥሎ ያሉት ደረጃዎች የተጻፉት በዚሁ ሐሳብ ነው።

1. መጀመሪያ ወለሉን ይርገጡ

አብዛኛው ወላጅ ክፍል ሊመርጥ ሲሄድ ዐይኑ የሚያርፈው በመስታወቱና በልጆቹ ሮዝ ቀሚስ ላይ ነው። ባሌት ግን ዝላይ የበዛበት ዳንስ በመሆኑ፣ ከሁሉ አስቀድሞ መታየት ያለበት ልጁ ዘሎ የሚያርፍበት ወለል ነው። ለዚህ የሚሆነው ከሥሩ ክፍተት ያለው፣ ሲረገጥ ጥቂት ዝቅ ብሎ የሚመለስ የእንጨት ወለል ሲሆን፣ በላዩ የማያንሸራትት ስስ ቪኒል ይነጠፍበታል። በከተማችን ሕንፃዎች ውስጥ የሚገኘው ግን በአብዛኛው ሲሚንቶ ወይም ሴራሚክ ነው፤ ላዩ ላይ ቪኒል ከተነጠፈበት ደግሞ ከእንጨቱ መለየት ያስቸግራል።

ስለዚህ ጫማዎን ያውልቁ፤ በክፍሉ መሐል ቆመው ተረከዝዎን ከፍ ያድርጉና በድንገት ይልቀቁት። ድምፁ ደረቅ ከሆነና ንዝረቱ እስከ ጉልበትዎ ከተሰማዎት ከሥር ያለው ሲሚንቶ ነው። እንደ ከበሮ «ድም» ብሎ ተረከዝዎን ከተቀበለው ግን ከሥሩ አየር አለ ማለት ነው። እኔ ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ልጄ በስምንት ዓመቷ የቅልጥሟን ፊት ያማት ጀመር፤ በክፍሉ «ጡንቻዋ እየለመደ ነው» ተባልሁና ለአራት ወር ያህል አመንሁ። በኋላ የወሰድኳት ሐኪም እግሯን ከመንካቱ በፊት የጠየቀኝ «የምትዘለው ምን ላይ ነው?» ብሎ ነበር። በማግስቱ የቪኒሉን ጠርዝ ገለጥ ሳደርገው ያገኘሁት የመታጠቢያ ቤታችንን ዓይነት ሴራሚክ ነበር። ሌላ ክፍል ከሌለና ልጁ በዚያው መማር ካለበት፣ ዝላዩ እንዲቀነስና ሰዓቱ በባሩ (በእጅ በሚደገፉት አግድም ዘንግ) ላይ በሚሠራው ልምምድ እንዲያልፍ አስተማሪውን በግልጽ ይጠይቁ።

2. አንድ ክፍለ ጊዜ ቁጭ ብለው ይመልከቱ

ወላጅ ጨርሶ እንዳይገባ የሚከለክል ክፍል ካጋጠመዎት ምክንያቱን ይጠይቁ። የልጆቹ ሐሳብ እንዳይከፋፈል በማሰብ በተወሰነ ቀን ብቻ ማስገባት ያለ አሠራር ነው፤ በጭራሽ አለማስገባት ግን ሌላ ነገር ነው። ገብተው ሲቀመጡ እግር ምን ያህል ከፍ ብሎ እንደ ተነሣ አይመልከቱ፤ የሚመለከቱት ጉልበትን ነው። በባሌት እግር ወደ ውጭ የሚዞረው ከዳሌ መገጣጠሚያ ነው። ዳሌው ያልፈቀደውን ዙሪት ልጁ በእግር መዳፉ ወለሉን ቆንጥጦ ካመጣው፣ ጭነቱ የሚያርፈው ጉልበቱና ቁርጭምጭሚቱ ላይ ነው። ልጁ ጉልበቱን አጥፎ ዝቅ ሲል፣ ማለትም ፕሊዬ ሲሠራ፣ ጉልበቱ ከእግር ጣቶቹ በላይ በአንድ መስመር መሆን አለበት። ወደ ውስጥ እያዘነበለ አስተማሪው ዝም ካለ፣ ወይም ይባስ ብሎ እግሩን በእጁ ይዞ የበለጠ ካዞረው፣ ያ ክፍል ለልጅዎ አይሆንም።

«ልጅ ካልተቆነጠጠ አይማርም» የሚለው አስተሳሰብ ወደ ዳንስ ክፍልም ይገባል። የልጅን ጀርባ ተጭኖ እግሩን የሚያስከፍት፣ ወይም በሌሎች ፊት ሆዱን እየነካ ስለ ውፍረቱ የሚናገር አስተማሪ፣ የቱንም ያህል ስም ቢኖረው፣ ከእርሱ መራቅ ይሻላል። ጥሩ አስተማሪ ከመንካቱ በፊት ይናገራል፤ ልጁ አመመኝ ሲል ሥራውን ያስቆማል።

አስተማሪው የት እንደሠለጠነና ልጆችን ለፈተና ያቀርብ እንደሆነም ይጠይቁ። እ.ኤ.አ. በ1920 ለንደን ውስጥ የተመሠረተው ሮያል አካዳሚ ኦፍ ዳንስ በብዙ አገሮች ደረጃ በደረጃ የሚሰጥ ፈተና አለው። ፈተናው ግዴታ አይደለም፤ ነገር ግን ልጁን የማያውቅ ሰው ሥራውን አይቶ የሚሰጠው አስተያየት፣ ለወላጅ ከዓመት መጨረሻ ትዕይንት ጭብጨባ የበለጠ ይጠቅማል።

3. ሰዓቱን በዝግታ ይጨምሩ

ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ላለ ልጅ በሳምንት አንድ ጊዜ ይበቃል። ከስምንት እስከ አሥር ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ፣ ከዚያ በኋላም ልጁ ራሱ ሲጠይቅ አራት ጊዜ ይሆናል። ዘገየን ብለው አይጨነቁ፤ አሜሪካዊቷ ሚስቲ ኮፕላንድ ባሌት የጀመረችው በ13 ዓመቷ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2015 በአሜሪካን ባሌት ቲያትር የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ዋና ዳንሰኛ ሆናለች። ወንዶች ልጆች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ዘግይተው ይመጣሉ፤ ብዙውን ጊዜም የሚያዘገያቸው አባት ነው። በሠርግ ላይ እስክስታ የሚወርድ አባት፣ ልጁ በሙዚቃ እግሩን ሲያነሣ የሚያፍርበትን ምክንያት እስካሁን ያስረዳኝ ሰው የለም።

4. የፖይንት ጫማ ላይ አይቸኩሉ

ሴት ልጆች ሁሉ የሚናፍቁት በጣት ጫፍ የሚያስቆመውን ጫማ ነው። ከ11 ወይም ከ12 ዓመት በፊት መጀመር አይመከርም፤ ዕድሜው ቢደርስ እንኳ የሚወስነው ጥንካሬዋ ነው። የእግር አጥንቶች አድገው የሚጨርሱት በአሥራዎቹ አጋማሽ ስለሆነ፣ ሸክሙን መሸከም ያለበት ጡንቻው ነው። ቤት ውስጥ ሊያዩት የሚችሉት ምልክት አለ፦ በባዶ እግሯ በአንድ እግር ቆማ፣ ጉልበቷን ሳታጥፍ ተረከዟን አንሥታ ሳትንገዳገድ በተደጋጋሚ መውጣትና መውረድ ካቃታት ገና ናት። የመጨረሻውን ቃል የሚናገሩት ግን አስተማሪዋ፣ ከተቻለም የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ናቸው።

ጫማው ሲገዛ «ታድግበታለች» ብሎ አንድ ቁጥር ማስበለጥ የለም። እኛ የትምህርት ቤት ጫማ እንዲያ እንገዛለን፤ የፖይንት ጫማ ግን ሰፋ ካለ እግሯ ወደ ውስጥ ሰምጦ ክብደቷ ሁሉ በአውራ ጣቷ ላይ ይወድቃል። ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ማስላክም በለስላሳው ጫማ ይሠራል፤ በዚህኛው አይሠራም፤ ምክንያቱም ርዝመቱ ብቻ ሳይሆን ስፋቱ፣ የጫፉ ቅርጽና የሶሉ ጥንካሬ በእግሯ ላይ መለካት አለበት። የሌላ ልጅ ያገለገለ ጫማ ደግሞ በዚያች ልጅ እግር ቅርጽ የታጠፈ ነውና አይቀበሉ። ስለ ቀለሙ ካነሣን፣ ጥቁር ዳንሰኞች ለብዙ ዓመታት ሮዙን ጫማ በቆዳቸው ቀለም የፊት መዋቢያ እየቀቡ ይጫሙ ነበር። የለንደኑ ጫማ ሠሪ ፍሪድ፣ ባሌት ብላክ ከተባለው የዳንስ ቡድን ጋር ሆኖ ቡናማ የፖይንት ጫማ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። በባሌት ፀጉር ከኋላ ተጠቅልሎ ይታሰራል፤ ሹሩባን በተመለከተ፣ ወደ ኋላ የተሠራ ቀጭን ሹሩባ በጥሩ ሁኔታ ይጠቀለላል፤ ስለ ፀጉሯ የሚያሳስብ ነገር የለም።

5. ምግቡንና ጾሙን ከክፍሉ ሰዓት ጋር ያስታርቁ

በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾም ልጅ ከትምህርት ቤት ወጥታ አሥር ሰዓት ላይ ክፍል ከገባች፣ ባዶ ሆድ ይዛ ልትዘል ነው ማለት ነው። ጾሙ 55 ቀን ነው። ጹሚ ወይም አትጹሚ ለማለት እኔ ማን ነኝ? የንስሐ አባታችሁን ሲያማክሩ ግን የልጅቷን ዕድሜና የልምምዷን ሰዓት ሳይደብቁ ይንገሯቸው። እኛ ስንነግራቸው የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «በልታ ነው የምትዘለው?» የሚል ነበር። በጾም ቀን ከክፍል በፊት በሶ፣ ከክፍል በኋላ ሽሮ ወይም ምስር፣ በየመሐሉ ሰሊጥና ኦቾሎኒ ጥሩ ይሠራሉ። ሻይን ከምግቡ ጋር አያስከትሉ፤ ከምስሩና ከጤፉ የሚገኘውን ብረት ሰውነት በደንብ እንዳይወስድ ያደርጋል።

ዳንሰኛ ልጅ ከሚያወጣው ጉልበት ያነሰ ሲበላ ምልክቱ ሁልጊዜ ክሳት አይደለም። ድካም፣ ቶሎ የማይድን ሕመም፣ በአጥንት ላይ የሚታይ ስንጥቅ፣ በሴቶች ላይ ደግሞ የወር አበባ መዘግየት ወይም መቅረት ይመጣል። እስከ 15 ዓመቷ ካልመጣ፣ ወይም መጥቶ ለሦስት ወር ከቆመ፣ «ስፖርት ስለምትሠራ ነው» ተብሎ የሚታለፍ ስላልሆነ ሐኪም ጋር ይውሰዷት። አያት «ይህች ልጅ ከሳችብኝ» ሲሉ መሳቅ ልማዳችን ነው፤ እኔ ግን ከሚዛን ይልቅ የእናቴን ዐይን አምናለሁ።

6. የሙያ ትምህርት ቤቱን ሲመርጡ

ልጁ ሙያዬ ላድርገው ካለ፣ መጀመሪያ ሙያው ባሌት ብቻ እንዳልሆነ ያሳዩት። በዚችው ከተማ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ አዱኛ በተባለው ቡድን ውስጥ የዘመናዊ ዳንስ ሥልጠና ያገኙ ወጣቶች ነበሩ፤ ከእነርሱ መካከል ጁነይድ ጀማል ሰንዲና አዲሱ ደምሴ ደስቲኖ የተባለውን የዳንስ ቡድን መሥርተዋል። በለገሃር አቅራቢያ ባለው ብሔራዊ ቲያትር የባህል ውዝዋዜ ባለሙያዎች በደመወዝ ይሠራሉ። ልጁ እነዚህን በዐይኑ ካየ በኋላም ባሌት ካለ፣ ያኔ ወደ ውጭው ይመልከቱ።

የታወቁት ትምህርት ቤቶች የሚቀበሉበት ዕድሜ ይለያያል። በሴንት ፒተርስበርግ ያለው፣ እ.ኤ.አ. በ1738 የተመሠረተው የቫጋኖቫ አካዳሚ ልጆችን በአሥር ዓመት አካባቢ ይወስዳል። በለንደን የሮያል ባሌት ትምህርት ቤት ታችኛው ክፍል ከ11 እስከ 16፣ ላይኛው ከ16 እስከ 19 ያሉትን ያስተምራል። በስዊዘርላንድ የሚካሄደው የፕሪ ደ ሎዛን ውድድር ከ15 እስከ 18 ዓመት ላሉ ነው፤ የሚያሸንፉት በአጋር ትምህርት ቤቶች ወይም ቡድኖች ውስጥ የመማሪያ ዕድል ያገኛሉ፤ የመጀመሪያው ማጣሪያም በቪዲዮ ነው። በእኔ አስተያየት የ11 ዓመት ልጅን ለብቻው ባሕር ማዶ መላክ አይገባም፤ 16 ላይ የሚከፈተው በር ይበቃል።

ብዙዎቻችንን የሚጥለን ወረቀቱ ነው። በእንግሊዝ የትምህርት ዘመን ዕድሜ የሚቆጠረው በእነርሱ ሴፕቴምበር 1፣ በእኛ ነሐሴ 26 ነው። ስለዚህ ነሐሴ 25 የተወለደና ነሐሴ 27 የተወለደ ልጅ በተለያየ ዓመት ይመዘገባሉ። የልደት ዓመቱን ሲቀይሩም ሁልጊዜ 7 አይደምሩ፤ ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ ጳጉሜን ለተወለደ የሚደመረው 8 ነው። ጥር 2006 የተወለደ ልጅ በፈረንጅ የተወለደው በ2014 ነው። በልደት የምስክር ወረቀቱ፣ በፓስፖርቱና በማመልከቻው ላይ ያሉት ቀኖች አንድ መሆናቸውን ጎን ለጎን አስቀምጠው ያንብቡ። «የቤተሰብ ስም» በሚለው ቦታ የሚገባውም በፓስፖርቱ ላይ ካለው ጋር አንድ ይሁን፤ የእናት ስም ከልጁ ስም ጋር ስለማይገጥም ደግሞ ወላጅነትዋን የሚያሳይ የተተረጎመ ማስረጃ አስቀድማ ታዘጋጅ።

ቪዲዮውን ሲቀርጹ ስልኩን በወገብ ቁመት ያቁሙ፤ ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጣት ይታይ፤ ልጁ መስኮቱን ፊት ለፊት ያግኘው እንጂ ጀርባውን አይስጠው። ለመላክ የመጨረሻውን ምሽት አይጠብቁ፤ መብራት የሚጠፋው ያኔ ነው።

ትምህርት ቤቱን ደግሞ እርስዎ ይጠይቁት፦ በየዓመቱ ስንት ልጅ ይሰናበታል? ባለፈው ዓመት ከጨረሱት ስንቱ በቡድን ተቀጠረ? የተጎዳ ልጅን ማን ያክማል? ከዳንሱ ጎን የሚሰጠው የቀለም ትምህርት በዩኒቨርሲቲ ይታወቃል? የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉ ይበልጣል፤ ምክንያቱም በ16 ዓመቱ የሚሄድ ልጅ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናችንን አይወስድም፤ ቢመለስ ደግሞ አቻ ግምት ያስፈልገዋል። የዳንሰኛ ሥራ ዕድሜም አጭር ነው፤ በፓሪስ ኦፔራ ዳንሰኞች ጡረታ የሚወጡት በ42 ዓመታቸው ነው። ወጪውን ሲደምሩ ከትምህርት ክፍያው ሌላ ማደሪያውን፣ መድኑን፣ በዚያ አገር የሚወከለውን አሳዳጊና በዓመት አንድ የመመለሻ ትኬትን ይጨምሩ። በእቁብ የሚሸፈነው የመጀመሪያው ዓመት ብቻ ነው፤ የሦስተኛውን ዓመት ምንጭ ሳያውቁ የመጀመሪያውን አይክፈሉ።

የመቀበያ ደብዳቤው ሲደርስ ልጁን «ትሄዳለህ ወይ?» ብለው የሚጠይቁት ከትዕይንት ማግስት አይሁን። ክፍሉ የከበደበት፣ እግሩን ያመመው፣ አስተማሪው የተቆጣው ቀን ይምረጡ፤ ለብቻችሁ ስትሆኑ፣ ዘመድ ሳይሰማ ይጠይቁት። አልሄድም ካለ፣ መልስ የሚሰጥበት ቀን ሳያልፍ ቦታው ለተጠባባቂ ልጅ እንዲለቀቅ በሁለት መስመር ኢሜይል ያሳውቁ።