የደቡብ አሜሪካ አሮጌ ንዑስ መትረየሶች በፊልም፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ንዑስ መትረየስ የሽጉጥ ጥይት የሚያርከፈክፍ ቀላል መሣሪያ ነው። ከስህተቶቹ ሁሉ የባሰውን እናስቀድም። ዘመኑ 1950ዎቹ ወይም 60ዎቹ (እ.ኤ.አ.)፣ አገሩ አርጀንቲና በሆነ ፊልም ውስጥ ቱቦ የሚመስል፣ ሰደፉ ሽቦ የሆነ መሣሪያ ብቅ ባለ ቁጥር «የአሜሪካኖቹ ግሪስ ጋን!» የሚል አይጠፋም። አይደለም። ያ ብዙውን ጊዜ በሮዛሪዮ የመንግሥት ፋብሪካ የተሠራው ፓም-1 ነው። ግሪስ ጋን የአሜሪካው ኤም3 እና የተሻሻለው ኤም3ኤ1 ቅጽል ስም ነው፤ ፓም የተቀዳው ከኤም3ኤ1 ስለሆነ መመሳሰላቸው አይገርምም፤ የሚገርመው ልዩነቱን ለማየት ቆም የሚል ሰው መጥፋቱ ነው። የአሜሪካው ካሊበር .45 (11.4 ሚሊሜትር ገደማ) ጥይት ይጎርሳል፣ ፓም ግን 9 ሚሊሜትር። ስለዚህ የፓም የካዝና ማስገቢያ ጠባብ ነው። ማስገቢያው አልኩ እንጂ ካዝናው አላልኩም። አሜሪካኖቹም ኤም3ን ወደ 9 ሚሊሜትር የሚቀይር ዕቃ ሠርተው ነበር፤ ካዝናውም ስቴን የተባለው የእንግሊዝ ንዑስ መትረየስ ነው። እንዲህ የተቀየረ መሣሪያ ላይ ካዝናው ይቀጥናል፣ ማስገቢያው ግን እንደ ድሮው ሰፊ ሆኖ ይቀራል። ካዝና ብቻ አይቶ የፈረደ እዚህ ይወድቃል።

በስተቀኝ የሚሳብ የማቀባበያ እጀታ ካያችሁ የመጀመሪያው ኤም3 ነው፣ ፓም ሊሆን አይችልም። ፓም እንደ ኤም3ኤ1 የሚቀባበለው ቦልቱ (ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየሄደ ጥይቱን የሚያጎርሰው ብረት) ላይ ባለው ጉድጓድ ጣት አስገብቶ ወደ ኋላ በመሳብ ነው። ከካዝናው ማስገቢያ ጀርባ የሚጨመቅ ማንሻ ካለው ደግሞ ፓም-2 ነው፤ ማንሻው ካልተጨመቀ አይተኩስም። በዚህ መሣሪያ በአንድ እጁ እያርከፈከፈ የሚሮጥ ተዋናይ ካያችሁ፣ ወይ ማንሻው ለቀረጻ ታስሯል ወይ ተኩሱ በኮምፒዩተር የተሳለ ነው።

የቀለህ መውጫውን ክዳን ችላ አትበሉ። በፓም-1 ላይ ክዳኑ ራሱ የደህንነት መቆለፊያ ነው፤ ሲዘጋ ቦልቱን ይይዘዋል። ክዳኑ ተዘግቶ ተኩስ ከታየ ትዕይንቱ ተበላሽቷል።

ድምፁን አምኖ መሣሪያውን መለየት የጀማሪ ሁሉ ወጥመድ ነው። ፓም-1 በደቂቃ 450 ጥይት ገደማ ይተኩሳል፤ ዝግ ያለ፣ አንድ በአንድ የሚቆጠር ምት ነው። ባለ 30 ጥይት ካዝና አራት ሰከንድ ያህል ይወስድበታል። የድምፅ ባለሙያው ከላዩ የሌላ መሣሪያ ጩኸት ሲለጥፍበት ግን ልብስ እንደሚቀድ ይንጣጣል። ከዚህ ይልቅ የሚያናድደው ጥይት ሲያልቅ የሚሰማው «ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ» ነው። እነዚህ መሣሪያዎች የሚተኩሱት ቦልቱ ከኋላ ተይዞ ቆይቶ ወደ ፊት ሲለቀቅ ነው። ካዝናው ባዶ ሲሆን ቦልቱ አንዴ «ጓ» ብሎ ፊት ይቀራል፤ እንደገና ካልተቀባበለ ምላጩን መቶ ጊዜ ቢስቡት ድምፅ የለም። በተመሳሳይ፣ «ለመተኮስ ዝግጁ ነኝ» የሚለው ወታደር መሣሪያ ላይ ቦልቱ ፊት ከታየ ገና አልተቀባበለም ማለት ነው።

ወደ ብራዚል ስንሻገር ስህተቱ በቁጥር ይመጣል። የሳኦ ፓውሎው ኢና ኤም953 እና የዴንማርኩ ማድሰን ኤም53 በቁጥር ስለተቀራረቡ አንድ ናቸው ተብሎ ይጻፋል። ኢና የተነሳው ቀደም ካሉት ማድሰኖች ነው፤ ወደ .45 ተለውጦ፣ በኤም953 ላይ ማቀባበያው ከላይ ወደ ቀኝ ጎን ወርዷል። ካዝናውም ቀጥ ያለ ነው። የዴንማርኩ ኤም53 ካዝና ግን ጎበጥ ይላል። ካዝናው የጎበጠ ከሆነ ኢና አይደለም።

ካዝናው በመጨበጫው ውስጥ የሚገባውን ሁሉ የእስራኤሉ ኡዚ ነው ማለትም ይቅር። የአርጀንቲናው ኤፍኤምኬ-3 አካሉ ክብ፣ ማቀባበያው በግራ ጎን ነው፤ ኡዚ ሳጥን መሰል፣ ማቀባበያው አናቱ ላይ። ኤፍኤምኬ-3 የ1970ዎቹ አጋማሽ ልጅ ስለሆነ በ1969ኙ የኮርዶባ ሕዝባዊ አመፅ ትዕይንት ውስጥ ካያችሁት የዕቃ አቅራቢው ጥፋት ነው።

አፈሙዙ ክንፍ ክንፍ ያለውና ጫፉ ላይ ሲተኮስ እንዳይነሳ ጋዙን ወደ ላይ የሚያስወጣ ትልቅ ማረጋጊያ የተገጠመለት ሁሉ የአሜሪካው ቶምሰን አይደለም፤ የአርጀንቲናው ሃልኮን ኤም943ም እንደዚያው ነው።

ክሪስቶባል የተባለውን መሣሪያም ከነዚህ ጋር አትደምሩ፤ የዶሚኒካን ሪፐብሊክ ሥራ ነው። ካሪቢያን እንጂ ደቡብ አሜሪካ አይደለም።

የመጨረሻው የተገላቢጦሽ ስህተት ነው፤ ትክክል የሆነውን ስህተት ማለት። ስለ 1982ቱ የፎክላንድ ጦርነት በተሠራ ፊልም ውስጥ አንድ የአርጀንቲና ኮማንዶ ድምፅ ማፈኛ ያለው የእንግሊዝ ስተርሊንግ ቢይዝ «መሣሪያው ከጠላት ወገን ነው፣ ተሳስተዋል» የሚል አለ። አልተሳሳቱም። ሚያዝያ 2 ቀን 1982 (እ.ኤ.አ.) በስታንሊ ከተማ ራፋኤል ዎልማን ባነሳው የታወቀ ፎቶ ላይ እጃቸውን የሰጡትን የእንግሊዝ ማሪኖች የሚነዳው አርጀንቲናዊ ኮማንዶ የያዘው ይህንኑ መሣሪያ ነው፤ አርጀንቲና ከጦርነቱ በፊት ከእንግሊዝ ገዝታው ነበር።