አዲስ የከባድ መኪና ሞተር የሚበላውን ዘይት በትክክል እንዴት መለካት ይቻላል?

ከተክለሃይማኖት እስከ ሶማሌ ተራ በሚገኙት ጋራዦችና የመለዋወጫ ሱቆች ደጃፍ፣ ስለ አዲስ መኪና ከሚሰሙት ቅሬታዎች አንዱ «ገና ከመገዛቱ ዘይት ይበላል» የሚለው ነው። ቅሬታው አንዳንድ ጊዜ እውነት ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ሞተሩ በእርግጥ ያቃጠለው ዘይትና በአለካክ ጉድለት የጠፋ የመሰለው ዘይት ተደባልቀው ይቀርባሉ። ማንኛውም የናፍጣ ሞተር ጥቂት ዘይት ያቃጥላል፤ በፒስተኑ ፋሻ (ፒስተኑን በሚከብበው ቀለበት) እና በካሚሻው (ፒስተኑ በሚመላለስበት ሲሊንደር) መካከል ስስ የዘይት ሽፋን ባይኖር ሁለቱ ብረቶች ይፋጩ ነበርና፣ ከዚያ ሽፋን ጥቂቱ ከናፍጣው ጋር አብሮ ይነድዳል። በአዲስ ሞተር ፋሻዎቹ ከካሚሻው ጋር ገና ስላልተላመዱ ፍጆታው መጀመሪያ ላይ ከፍ ይልና በብዙ ሺህ ኪሎ ሜትሮች ጉዞ ውስጥ እየቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ መመለስ ያለበት ጥያቄ ምን ያህል ጎደለ፣ መጠኑስ ከጉዞ ጉዞ እየወረደ ነው ወይስ ባለበት ቆሟል የሚለው ነው።

ለሥራው የሚያስፈልጉት ውሃ ልክ፣ የሊትር ምልክት ያለው መቅጃ፣ ክር የማይተው ንጹሕ ጨርቅና ደብተር ናቸው። ደብተሩን በስልክ የሚተኩ አሉ፤ ሾፌር ሲቀየር ግን ስልኩ አብሮት ይሄዳል፣ ደብተሩ ጋቢና ውስጥ ይቀራል።

ቦታውን መምረጥ

መሃል አዲስ አበባ ለዚህ ሥራ አይመችም። ከፒያሳ እስከ ለገሃር ያለው ምድር ቁልቁል ነው፤ በዓይን ሜዳ የሚመስለው የመርካቶ ዙሪያ ማቆሚያም ቢሆን ለዝናብ ውኃ መውረጃ ሲባል ጋደል ተደርጎ የተሠራ ነው። ኮፓው (ከሥሩ ያለው የዘይት ማጠራቀሚያ) አንድ ሜትር ገደማ ርዝመት ባለው ሞተር ላይ የ3 በመቶ ተዳፋት ከጫፍ እስከ ጫፍ የ3 ሴንቲ ሜትር የከፍታ ልዩነት ይፈጥራል፤ በዘይት መለኪያው ዘንግ ላይ በታችኛውና በላይኛው ምልክት መካከል ያለው ርቀት ደግሞ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ውሃ ልኩን በቻሲው ላይ በቁመትም በወርድም አስቀምጦ ሜዳ የሆነ ቦታ መፈለግና፣ ከተገኘ በኋላ የጎማዎቹን ማረፊያ በቀለም ምልክት አድርጎ ሁልጊዜ እዚያው መለካት ያስፈልጋል። ፍጹም ሜዳ ካልተገኘ፣ አንድ ዓይነት ጋደል ያለ ቦታ በየጊዜው ከሚለዋወጥ ቦታ በእጅጉ ይሻላል።

ሰዓቱንና ሙቀቱን አንድ ማድረግ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ እገልጻለሁ። ዘይት ሲሞቅ ያብጣል፤ ለእያንዳንዱ 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መጠኑ በ0.7 በመቶ ገደማ ይጨምራል። የሞተሩ ዘይት 35 ሊትር ቢሆንና ሙቀቱ ከ20 ወደ 90 ዲግሪ ቢወጣ ጭማሪው ከአንድ ሊትር ተኩል ያልፋል ማለት ነው። በተቃራኒው ሞተሩ እንደጠፋ ወዲያው የለካ ሰው፣ ዘይቱ ከቴስታታው (ከሞተሩ የላይኛው ክፍል) እና ከላይኞቹ መተላለፊያዎች ወደ ኮፓው ወርዶ ስላላለቀ፣ ከእውነተኛው ያነሰ ያነብባል። ሁለቱ ስሕተቶች በተቃራኒ አቅጣጫ የሚሠሩ መሆናቸው ነገሩን ያባብሰዋል፤ አንድ ቀን አንዱ፣ ሌላ ቀን ሌላው ያመዝንና ሾፌሩ ትናንት ሁለት ሊትር ጎደለ ያለው ሞተር ዛሬ ምንም ያልጎደለው ሆኖ ይገኛል።

መፍትሔው ማለዳ ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት፣ መኪናው ሌሊቱን በቆመበት በዚያው ምልክት ባለው ቦታ መለካት ነው። የአምራቹ መመሪያ በሞቀ ሞተር ይለካ የሚል ከሆነ መመሪያውን መከተል ይገባል፤ ነገር ግን ከጠፋ በኋላ የሚጠበቀው ደቂቃ ምን ጊዜም እኩል ይሁን፤ አንዱን ዘዴ ከያዙ በኋላም ወደ ሌላው አይዞርም። ዘንጉ ወጥቶ ይጠረጋል፣ እስከ መጨረሻው ይገባል፣ ይወጣል፣ ይነበባል፤ ሁለት ጊዜ ተነብቦ ካልተመሳሰለ ሦስተኛ ይደገማል። በአዳዲሶቹ መኪናዎች ዳሽቦርድ ላይ የሚታየው የዘይት ልክ ለማስጠንቀቂያ ጥሩ ነው፤ ለዚህ ዓይነቱ ልኬት ግን አላምነውም።

ዘይት በተቀየረ ማግሥት የሚታየውም ጉድለት ፍጆታ አይደለም። አዲሶቹ ፊልትሮዎች ሞተሩ ሲነሣ በዘይት ስለሚሞሉ የኮፓው ልክ ይወርዳል። ልኬቱ የሚጀመረው ሞተሩ ተነሥቶ፣ ጠፍቶና ተስተካክሎ ከተሞላ በኋላ ነው።

የዘንጉን ቋንቋ ማወቅ

በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው መጠን በትንሽ መኪና አንድ ሊትር ገደማ ነው፤ በከባድ ሞተር ግን ብዙ ሊትር ሊሆን ይችላል። ዘይቱ ወደ ታችኛው ምልክት ሲቀርብ አንድ አንድ ሊትር እየጨመሩ፣ ዘይቱ እስኪወርድ እየጠበቁ፣ የደረሰበትን ልክ በደብተሩ ላይ በሚሊ ሜትር መመዝገብ ይገባል። ይህ አንድ ጊዜ ከተሠራ በኋላ በየቀኑ ዘይት ሳይጨምሩ የጎደለውን ማወቅ ይቻላል።

ረዳቶች በየማለዳው እስከ ላይኛው ምልክት፣ አንዳንዴም ከዚያ አልፈው መሙላታቸው ግን መቆም አለበት። ከልክ በላይ የተሞላ ዘይት በኮሎው (ፒስተኖቹ በሚያዞሩት ዋና ዘንግ) መሽከርከር ይመታል፣ አረፋ ይሆናል፣ በሞተሩ መተንፈሻ በኩልም ይወጣል፤ ከዚያ «በላ» ተብሎ እንደገና ይሞላል። አንድ የማውቀው የገልባጭ ባለቤት በዚህ ዑደት ውስጥ ገብቶ፣ በዋስትና ላይ ያለ ሞተር ውጭ አስፈታ፤ ፋሻዎቹ ደኅና ሆነው ተገኙ፣ ዋስትናው ግን ተሰረዘ።

ከናፍጣው ጋር ማነጻጸር

በኪሎ ሜትር ብቻ መቁጠር ያሳስታል፤ ጭኖ ዳገት የሚወጣና ባዶውን ሜዳ የሚሄድ መኪና እኩል አይሠሩምና። ዘይቱን ከተቃጠለው ናፍጣ ጋር ማነጻጸር የተሻለ ነው። ለምሳሌ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ደርሶ መልስ 1,800 ኪሎ ሜትር ገደማ የተጓዘ መኪና 810 ሊትር ናፍጣና 2 ሊትር ዘይት ቢወስድ፣ ፍጆታው 0.25 በመቶ ገደማ ነው። ሥራውን የለመደ ጤናማ ሞተር በአብዛኛው ከ0.5 በመቶ በታች ይቆያል፤ የሚያስጠይቀው ወሰን ግን በአምራቹ መጽሐፍ የተጻፈው ነው። ሌላው ጥንቃቄ ደርሶ መልሱን ለሁለት አለመክፈል ነው። ጉዞው ወደ ባሕር ጠለል ሲወርድ ቀላል፣ ጭኖ ከ2,300 ሜትር በላይ ወዳለችው አዲስ አበባ ሲመለስ ከባድ ስለሆነ፣ የመውረጃው ቁጥር ብቻውን ምንም አይናገርም።

የዘይቱ ልክ ያለ ምክንያት ከፍ ካለ ደግሞ የባሰ ነው። ከሚያፈስ ኢንጀክተር ናፍጣ፣ ወይም ከማቀዝቀዣው ውኃ እየገባ ሊሆን ይችላል፤ በዚህ ጊዜ ሞተሩን ማስነሣት አይገባም።

ሞተሩን ማላመድ

አዲስ ሞተርን «እንዳይጎዳ» ብሎ ያለ ጭነት ማንቀርፈፍ የቆየ ልማድ ነው። ፋሻን ከካሚሻ ጋር የሚያላምደው ከበስተኋላው የሚገፋው የጋዝ ግፊት ነው፤ ግፊቱም የሚገኘው በመጠነኛና በተለዋዋጭ ጭነት ነው። የከተማው መግቢያ ሰዓት እስኪደርስ በሚኒሞ (ቆሞ በዝቅተኛ ዙር) ለሰዓታት እየሠራ የሚቆም ሞተር የካሚሻው ግድግዳ እንደ መስታወት ይለሰልስና ዘይት መብላቱ ሊጸናበት ይችላል። ሲቆሙ ማጥፋት ነው። የዘይቱ ዓይነትም መጽሐፉ ያዘዘው ይሁን፤ «ወፍራም ጨምርበት» የሚለውን ምክርና በጠርሙስ የሚሸጠውን ማወፈሪያ አልመክርም።

ወደ አስመጪው ከመሄድ በፊት

የሚያንጠባጥብ ነገር መኖሩን፣ በተለይ የቱርቦውን የዘይት መመለሻ ቱቦና የኋላውን ፓራዎሊዮ (የዘይት ማገጃ ጎማ)፣ ማየት ያስፈልጋል። ከፍሬን የአየር ታንኮች ከሚለቀቀው ውኃ ጋር ብዙ ዘይት ከወጣ ጥፋቱ የኮምፕረሰሩ ሊሆን ይችላል። የአየር ፊልትሮውና ቱቦዎቹ አቧራ የሚያሳልፉ ከሆነ ደግሞ አዲስ ፋሻ በአጭር ጊዜ ያልቃል።

ይህ ሁሉ ተፈትሾ ደብተሩ አሁንም ከወሰኑ በላይ ካሳየ፣ ሞተሩን ሳያስፈቱ ደብተሩንና የዘይት ግዢ ደረሰኞቹን ይዞ መቅረብና የታሸገ ፈተና እንዲደረግ መጠየቅ ይገባል። በዚህ ፈተና የሚገባው ዘይት በሚዛን ተመዝኖ ይሞላል፣ መሙያውና መፍሰሻው ይታሸጋሉ፣ ከተወሰነ ጉዞ በኋላ ዘይቱ ተቀድቶ እንደገና ይመዘናል። በሊትር ሳይሆን በኪሎ ግራም እንዲሆን መጠየቅ አይዘንጋ፤ አንድ ሊትር የሞተር ዘይት 0.87 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፣ ክብደቱም ሞቀ ቀዘቀዘ አይልም።