ድራየሩ አላደርቅ አለኝ ከማለታችሁ በፊት

የጅማን ክረምት የምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ ጠዋት ፀሐይ ብልጭ ስትል ልብሱን ታሰጣላችሁ፣ ከሰዓት በጅሬን በኩል ጥቁር ደመና ይመጣና አርሶት ይሄዳል፣ ጂንስ ሱሪማ ሶስት ቀን ገመድ ላይ ውሎ የሚገባው ሽታ ይዞ ነው። እኛም በዚህ ተማረን ነው የልብስ ድራየር ቤት ያስገባነው።

ባለፈው ሐምሌ ግን ሁለት ሰዓት ሙሉ ዞሮ ልብሱ ትኩስ እርጥብ ሆኖ ይወጣ ጀመር። ጠጋኝ ጠራን፣ ሳይከፍተው "ሂተሩ ተቃጥሏል፣ እቃው ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው" አለና ዋጋውን ነገረን። ልንስማማ ስንል አክስቴ "ቆዩ እስቲ መጀመሪያ አጽዱት፣ ምጣድ ሳይታሰስ እንጀራ ይወጣል እንዴ?" አለች። ከታች ያለውን ኮንደንሰር፣ ማለትም እርጥቡን አየር አቀዝቅዞ ውሃ የሚያደርገውን ክፍል፣ ስበን ስናወጣው ብናኝ እንደ ፍራሽ ጥጥ ጠቅጥቆታል። ታጥቦ ገባ፣ ድራየሩም እንደድሮው ማድረቅ ጀመረ፣ ሂተሩ ምንም አልሆነም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ ማሽኑ ትኩስ አየር በልብሱ መሀል ያሳልፍና አየሩ እርጥበቱን ይዞ ይወጣል፣ ብናኝ መንገዱን ከዘጋው እርጥበቱም ሙቀቱም እዛው ይታፈናል፣ ሙቀት መቆጣጠሪያው ደግሞ ሂተሩን ያጠፋዋል። ልብሱ አይደርቅም፣ ቆጣሪው ግን ይቆጥራል።

ስለዚህ በር ላይ ያለችውን ፊልተር በየእጥበቱ አጽዱ፣ በሳምንት አንዴ አይደለም፣ በየእጥበቱ። ጣታችሁን ትንሽ እርጥብ አድርጋችሁ ብታብሱት ብናኙ ተጠቅልሎ ይነሳል። ጋቢ ያደረቃችሁ ቀን ታያላችሁ ጉዱን፣ ከአንድ ጋቢ የሚወጣው ጥጥ ትንሽ ትራስ ይሞላል ብል ማጋነን አይመስለኝም፣ እንደውም እኛ ጋቢ ሲሆን መሀል ላይ አቁመን አንዴ እናጸዳዋለን። የልብስ ማለስለሻ የምትጠቀሙ ከሆነ ወንፊቱ ላይ የማይታይ ቅባት ይይዛል፣ ውሃ አፍስሱበት፣ ወዲያው ካላለፈ በሳሙናና በጥርስ ብሩሽ እጠቡት፣ በደንብ ሳይደርቅ ግን አትመልሱት።

ቀጥሎ ያለው እንደ ማሽናችሁ ነው። ከጀርባው ወፍራም ቱቦ ወደ ውጭ የሚወጣ ከሆነ ቢያንስ በዓመት አንዴ ከሶኬት ነቅላችሁ፣ ከግድግዳው አርቃችሁ ቱቦውን አጽዱ። ቱቦው አጭርና ያልታጠፈ ይሁን፣ ፕላስቲክ ከሆነ በብረት ቀይሩት። ውጭ ያለው ክዳን ማሽኑ ሲሰራ መከፈቱን እዩ። ቱቦውን ክፍል ውስጥ የሚለቁ ሰዎች አይቻለሁ፣ በጅማ እርጥበት ላይ ይሄን ጨምራችሁ ግድግዳው ቢሻግት አትገረሙ።

ውሃ የሚያጠራቅም ከሆነ ጋኑን ሁሌ ድፉ። ኮንደንሰሩ የሚወጣ ዓይነት ከሆነ በክረምት በየወሩ አውጥታችሁ በቧንቧ ውሃ በሁለቱም በኩል አለቅልቁት፣ በቢላና በሽቦ አትጎርጉሩት፣ ይበሳል። እንደ ፍሪጅ በኮምፕሬሰር እየሰራ አየሩን የሚያሞቀው፣ ሂት ፓምፕ የሚባለው ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይወጣም፣ ስሱን ብረት በለስላሳ ብሩሽ ቀስ አድርጋችሁ ጥረጉ፣ ጠርዙ ጣት ይቆርጣል። የሚጠራቀመውን ውሃ አክስቴ በጨርቅ አጥልላ ካውያ ውስጥ ትጨምረዋለች፣ ከእንፋሎት ስለሚመጣ ካውያውን ነጭ አያስይዘውም። ለቡና ግን እንዳታስቡት!

ልብሱ ሳይደርቅ "ጨርሻለሁ" የሚላችሁ ከሆነ ከበሮው ውስጥ በበሩ አካባቢ ያሉትን ሁለት ቀጫጭን ብረቶች ፈልጉ፣ እርጥበት የሚለኩት እነሱ ናቸው፣ አቼቶ በነካ ጨርቅ ጥረጓቸው።

አሁን ወደሚያስፈራው። በ2008 እና በ2010 መካከል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አሜሪካ ውስጥ በየዓመቱ 2,900 ገደማ የመኖሪያ ቤት ቃጠሎ በድራየር ይነሳ ነበር፣ ዋናው ምክንያት አለማጽዳት ነው። ብናኙ በቀላሉ ይቀጣጠላል። ዘይት፣ ናፍታ ወይ ቤንዚን የነካው ጨርቅ፣ ቅቤ የጠጣ ሻሽም ጭምር፣ ታጥቦም ቢሆን አታስገቡ፣ ቅባቱ በሙቀት ራሱን እያጋለ ሊነድ ይችላል። መሀል ላይ መብራት ከጠፋም በሩን ከፍታችሁ ልብሱን አውጡና ዘርጉት፣ ትኩሱን እንደተከመረ አትተዉት። ሂተር ያለው ድራየር ከ2,000 እስከ 2,500 ዋት ይስባል፣ በ220 ቮልት ወደ 10 አምፒር ነው፣ ከምጣድ ጋር አንድ ማከፋፈያ ላይ ሰክታችሁ ከዛ ሶኬቱ ቀለጠ አትበሉ። ለብቻው ኧርዝ ያለው ሶኬት ስጡት፣ ሶኬቱን ነክታችሁ የሚያቃጥል ከሆነ አጥፉ። ከቤት ስትወጡም እየሰራ አትተዉት።

ይሄን ሁሉ አድርጋችሁ ከበሮው እየዞረ አየሩ ቀዝቃዛ ከሆነ ያኔ ጠጋኝ ጥሩ፣ ግን ሂተሩን በቴስተር እናንተ እያያችሁ ሳይለካ እቃ እንዳታዙ።