ኦርኪዳችሁ ውኃ አልጠማውም

«ቅጠሉ ጠወለገብኝ፣ ውኃ ጨመርኩለት፣ ባሰበት።» ይህችን ነገር ስንቴ እንደሰማኋት! የማወራው ስለ ፋሌኖፕሲስ ነው፤ ሰፋፊ ቅጠልና ቢራቢሮ የሚመስል አበባ ስላለው፣ ብዙ ሰው ቤት ስለሚገኘው ኦርኪድ።

ቅጠል እያዩ ማጠጣት የስህተቶች ሁሉ አለቃ ነው። የተጠማ ኦርኪድ ቅጠሉ ይልፈሰፈሳል፣ ይጨማደዳል። ሥሩ የበሰበሰውም ልክ እንደዚያው ይሆናል፤ መጠጫው ሥሩ ነዋ! የመጀመሪያውን ኦርኪዴን የገደልኩት እኔው ነኝ። ቅጠሉ በላላ ቁጥር አንድ ብርጭቆ ውኃ እደግምለት ነበር። አንድ ቀን ቀና ላደርገው ስል ተክሉ ተነቅሎ እጄ ላይ ቀረ። ሥሩን በጣቴ ጨመቅ ሳደርገው ልባሱ ሙልጭ ብሎ ወጣና ክር የመሰለ ነገር ብቻ ተረፈ። ሽታውን ተዉት።

ይህ ተክል በተፈጥሮው ዛፍ ላይ ተጣብቆ ነው የሚኖረው። ዝናብ ያርሰዋል፣ ነፋስ ያደርቀዋል። ሥሩን የሸፈነው ስፖንጅ መሰል ልባስ ውኃውን ቶሎ ይመጥና ከዚያ አየር ይፈልጋል። ስለዚህ ሥሩን እዩ። ወደ ብርማ ግራጫ ከሄደ ደርቋል፣ አጠጡ። አረንጓዴ ከሆነ ጠግቧል፣ እጃችሁን ሰብስቡ። ውስጡን የሚያሳይ የፕላስቲክ ማሰሮ የምወደው ለዚህ ነው። ካልታያችሁ ማሰሮውን አንሱት፤ ከቀለለ ደርቋል። ብቻ «በሳምንት ስንቴ?» አትበሉኝ። ሙቀቱም ብርሃኑም ከቤት ቤት ይለያያል።

ቀዳዳ የሌለው ጌጠኛ ማሰሮም ብዙ ኦርኪድ ፈጅቷል። ከታች የተጠራቀመውን ውኃ ማንም አያየውም። ስታጠጡ የውስጡን ባለቀዳዳ ማሰሮ አውጡት፣ ውኃው በቀዳዳው እስኪወርድ አፍስሱ፣ በደንብ አንጠፍጥፉና መልሱት። በማንኪያ ጠብ ማድረግ ማጠጣት አይባልም።

በጓሮ አፈር መትከል? አይሆንም። የዛፍ ቅርፊት ነው የሚፈልገው።

ቅጠሎቹ በሚገናኙበት መሃል ላይ ውኃ ካቆረ በሶፍት አድርቁት። አዲስ ቅጠል የሚወጣው ከዚያ ነው፤ እሱ ከበሰበሰ ተክሉ አብቅቶለታል ማለት ይቻላል።

ወደ መቀሱ እንምጣ። መጀመሪያ ስለቱን በእሳት ለብልቡትና ይቀዝቅዝ፤ ቫይረስ በመቀስ ከተክል ወደ ተክል ይሄዳል። ከማሰሮው ወጥቶ የተንጨባረረውን ሥር «ለማሳመር» አትቁረጡ። ጠንካራ ከሆነ በሕይወት አለ። የሚቆረጠው ባዶ የሆነው ወይም የላመው ነው። ቁስሉ ላይ ቀረፋ የምትነሰንሱም ጤነኛውን ሥር እንዳትነኩ፣ ያደርቀዋል።

አበባው ሲረግፍ ተሸክሞት የነበረውን አገዳ አይታችሁ ወስኑ። ከደረቀና ቡናማ ከሆነ ከግርጌው ቁረጡት። አረንጓዴ ከሆነና ተክሉ ከበረታ፣ ከታች ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው አንጓ ትንሽ ከፍ ብላችሁ ቁረጡ፤ ከአንጓው ቅርንጫፍ አውጥቶ ሊያብብ ይችላል። ተክሉ ከደከመ ግን አረንጓዴውንም ቁረጡለትና ይረፍ።

አዲስ አገዳና አዲስ ሥር ሲወጡ ይመሳሰላሉ። የሥሩ ጫፍ ድቡልቡልና አንጸባራቂ ነው። የአገዳው ጠፍጠፍ ይላል፣ አውራ ጣቱ ብቻ የተለየ ጓንት ይመስላል። እኔ ይህን ሳላውቅ «ይሄ ሥር ደግሞ የት ነው የሚሄደው?» ብዬ ቀጨሁት። የዚያን ዓመት አበባ አላየሁም።