መስታወት ከተቀየረ በኋላ አልጠፋ ያለው መብራት

የመኪናችን የፊት መስታወት በጠጠር ተሰንጥቆ አስቀየርነው። ከዚያ ወዲህ የመስመር ጠባቂው (መኪናው ከመስመሩ እንዳይወጣ የሚረዳው) እና በራሱ የሚይዘው ፍሬን ማስጠንቀቂያ ዳሽቦርዱ ላይ በርቶ ቀረ። መካኒኩ በስካነር (የመኪናውን ኮምፒውተር በሚያነብ መሣሪያ) ያጠፋዋል፤ ትንሽ ስነዳ ተመልሶ ይበራል።

ጣጣው ካሜራው ነው። መስታወቱ አናት ላይ ሆኖ መንገዱን ያያል፤ በጥቂቱ እንኳ ከዘነበለ ርቀት ይሳሳታል። ስለዚህ ካሊብሬሽን፣ ማለትም እይታውን እንደገና ማስተካከል፣ ይፈልጋል። አንዳንዱ መኪና ጋራዥ ውስጥ በልዩ ሰሌዳ ፊት ቆሞ ይስተካከላል፤ የእኛው እየተነዳ ነው።

የጎማውን ንፋስ አስተካክዬ መስታወቱን አጸዳሁ። መካኒኩ በስካነሩ ካሊብሬሽኑን አስጀመረና የአዲስ አዳማን የፍጥነት መንገድ ያዝን። ከተማ ውስጥ አይሞከርም፤ የመስመሩ ቀለም የት አለና! እዚያ ግን ጥርት ያለ መስመር እያየ፣ በተረጋጋ ፍጥነት ስንሄድ መብራቱ ጠፋ። እስካሁን አልተመለሰም።