የካሜራዎ ባትሪ ቶሎ ካለቀ፣ አዲስ ከመግዛትዎ በፊት ሁለት ሌሊት ይታገሡ

ከባሕር ዳር በጀልባ ተሳፍሮ ወደ ዘጌ የሚሻገር ሰው አንድ ሰዓት ያህል በጣና ላይ ይቆያል። በመንገዱ ላይ ፔሊካኑን፣ የደንገል ታንኳውንና የውኃውን ዳርቻ ሲያነሣ ቆይቶ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ሲደርስ የባትሪው ምልክት ቀልቶ ብልጭ ድርግም ማለት ከጀመረ፣ የመጣበትን የግድግዳ ሥዕል ሳያነሣ ሊመለስ ነው። እንዲህ የገጠመው ሰው አብዛኛውን ጊዜ በማግስቱ ገበያ ወጥቶ አዲስ ባትሪ ይገዛል። እኔም እንዲሁ አድርጌ አውቃለሁ፤ አዲሱ ባትሪ በሳምንቱ የአሮጌውን ጠባይ ሲይዝ ነው ጥፋቱ ከባትሪው እንዳልነበረ የገባኝ። ባትሪውን እየበላ የነበረው ካሜራው ሲሆን፣ እሱም የሚበላው ጠፍቶ ቦርሳ ውስጥ በተቀመጠበት ሰዓት ነበር።

ስለዚህ ከምንም በፊት መለየት ያለበት ጥፋቱ የባትሪው፣ የቻርጀሩ፣ የካሜራው ወይስ የአጠቃቀሙ መሆኑ ነው። ይህን ለመለየት መሣሪያ አያስፈልግም፤ ሁለት ሌሊት ይበቃል። በመጀመሪያው ምሽት ባትሪውን ሙሉ በሙሉ ቻርጅ አድርገው ካሜራው ውስጥ ያስገቡትና ምልክቱ ሙሉ መሆኑን ይመልከቱ፤ ከዚያም አውጥተው ጠረጴዛ ላይ ያሳድሩት። ጠዋት መልሰው ሲያስገቡት ጎድሎ ከተገኘ ባትሪው ራሱ ያፈሳል ማለት ነው፤ እንዲህ ያለው ባትሪ መድኃኒት የለውም። ሙሉ ሆኖ ካደረ ግን በሁለተኛው ምሽት እንደገና ሞልተው ካሜራው ውስጥ አስገብተው፣ ካሜራውን አጥፍተው ያሳድሩት። በዚህኛው ሌሊት ብቻ ከጎደለ የሚበላው ካሜራው ነው። የባትሪውን መጠን በመቶኛ የሚያሳዩ ካሜራዎች ላይ አንድ አንድ ሌሊት በቂ ሲሆን፣ ሦስት ወይም አራት ጭረት ብቻ የሚያሳዩት ላይ ግን ትንሽ ጉድለት ስለማይታይ ፈተናውን ወደ ሦስት ሦስት ቀን ማርዘም ይሻላል።

ካሜራ ጠፍቶ ሳለ ኤሌክትሪክ የሚስብበት ምክንያት ብዙ ጊዜ ብልሽት አይደለም። በካኖን 6ዲ ላይ ለምሳሌ ጂፒኤሱ በሜኑ ውስጥ ከተከፈተ ካሜራው ቢጠፋም ከሳተላይት ምልክት መቀበሉን አያቆምም። ብሉቱዝ ያላቸው በርካታ የኒኮን ካሜራዎችም ጠፍተው ሳለ ፎቶ ወደ ስልክ እንዲልኩ የሚያደርግ ምርጫ በሜኑአቸው ውስጥ አለ። ጂፒኤስን፣ ዋይፋይንና ብሉቱዝን ዘግተው የሁለተኛውን ሌሊት ፈተና ይድገሙት። አሁንም ከጎደለ ሚሞሪ ካርዱን አውጥተው፣ በቀጣዩ ሌሊት ደግሞ ሌንሱን ፈትተው የአካሉን አፍ በክዳኑ ከድነው ይሞክሩ፤ የተበላሸ ካርድ ወይም ግንኙነቱ የቆሸሸ ሌንስ ካሜራው በትክክል እንዳይተኛ ሊያደርገው ይችላል። በአንድ ሌሊት ሁለት ነገር መቀየር የለብዎትም፤ ከቀየሩ የትኛው እንደረዳ ማወቂያ አይኖርዎትም።

ሁለቱም ሌሊቶች በሰላም ካለፉ ጥርጣሬው ወደ ቻርጀሩና ወደ አጠቃቀሙ ይዞራል። ከተማችን ውስጥ ቻርጀሩን ከመክሰስ በፊት መብራቱን መጠየቅ ተገቢ ነው። ማታ ባትሪ ሰክቶ የተኛ ሰው ሌሊት መብራት ጠፍቶ ንጋት ላይ ከመጣ፣ ስምንት ሰዓት ቻርጅ ያደረገ መስሎት የአንድ ሰዓት ብቻ ይዞ ይወጣል። የላላ ማከፋፈያም ተመሳሳይ ጉዳት ስለሚያደርስ ቻርጀሩን በቀጥታ ግድግዳው ሶኬት ላይ ይሰኩት። ከቻሉ አንድ ጊዜ ነቅተው ሰዓቱን ይያዙ፦ ፈጽሞ ያለቀ ባትሪ በሃያ ደቂቃ ውስጥ ሞላሁ ካለ፣ ወይ ባትሪው አርጅቶ የሚይዘው አንሷል፣ ወይ ቻርጀሩ ተሳስቷል። ተመሳሳይ ካሜራ ካለው ወዳጅ ቻርጀር ተውሶ መሞከር ይህንን ጥያቄ በአንድ ቀን ይዘጋዋል።

የባትሪውና የቻርጀሩ የብረት መነካኪያዎች መጽዳት አለባቸው። በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ፣ እምቢ ካለም በእርሳስ ላጲስ ቀስ ብሎ ማሸት ይበቃል፤ የላጲሱ ብናኝ ካሜራው ውስጥ እንዳይገባ ግን ባትሪውን ከካሜራው አርቀው ይሹት።

አጠቃቀምን በተመለከተ ትልቁ በላተኛ ስክሪኑ ነው። በካኖን 1300ዲ ላይ በአንድ ቻርጅ 500 ገደማ ፎቶ እንደሚነሣ አምራቹ ይገልጻል፤ ይህ ግን ዓይንን በቪውፋይንደሩ፣ ማለትም ከካሜራው ጀርባ ባለችው ትንሽ የማያ ቀዳዳ፣ ላይ አድርጎ ለሚያነሣ ነው። በስክሪኑ እያዩ ሲያነሡ የዚያን ግማሽ እንኳ አይሞላም። ጣና ላይ ደግሞ ከውኃው የሚመለሰው ፀሐይ ስክሪኑን ስለሚያደበዝዘው ሁላችንም ብርሃኑን እስከ ጫፍ እንከፍተዋለን፤ ወደ ከተማ ስንመለስም ዝቅ ማድረጉን እንረሳለን። የስክሪኑን ብርሃን ወደ መካከለኛ ይመልሱት፣ ካሜራው ሥራ ሲፈታ በአንድ ደቂቃ ውስጥ እንዲተኛ ያድርጉት፣ ከእያንዳንዱ ፎቶ በኋላ የሚታየውንም ምስል ወደ ሁለት ሴኮንድ ያሳጥሩት። ሚረርለስ የሚባሉት፣ በውስጣቸው መስታወት የሌላቸው ዘመናዊዎቹ ካሜራዎች በቪውፋይንደርም ቢሆን የሚያሳዩት ስክሪን ስለሆነ፣ በእነርሱ ላይ ከመቆጠብ ይልቅ ትርፍ ባትሪ መያዝ ይቀላል። ጀልባ ላይ ሆነው ወፍ ሲጠብቁ የሌንሱ መንቀጥቀጥ መከላከያና ተከታታይ ፎከስም ያለ ዕረፍት ይሠራሉ። ፍላሽ ብዙ ይበላል፤ በጥንታዊ ሥዕሎች ፊት ግን ባትሪው ቢተርፍዎትም ፍላሹን ይዝጉት።

በተለመደው የባትሪ ድንጋይ የሚሠሩ ትንንሽ ካሜራዎች የራሳቸው ችግር አላቸው። ከኪዮስክ የሚገዛው ተራ ድንጋይ ለግድግዳ ሰዓትና ለሬዲዮ ቀስ ብሎ እንዲሰጥ የተሠራ እንጂ ካሜራ በአንድ ጊዜ የሚጠይቀውን ብዙ ጉልበት አይችልም። ጥሩ የሚባለው አልካላይን እንኳ 1.5 ቮልት ቢጻፍበትም ፍላሹ ሲሞላ ቮልቱ ወዲያው ስለሚወርድ፣ ካሜራው አልቋል ብሎ ይዘጋል። ያንኑ ድንጋይ ሬዲዮ ውስጥ ቢያስገቡት ገና ብዙ ቀን ይሠራል። ለካሜራ የሚሆነው ቻርጅ የሚደረገው ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ነው፤ የሚጻፍበት 1.2 ቮልት ዝቅ ያለ ቢመስልም ጫና ሲበዛበት ጸንቶ ይቆያል። እንደ ኢነሉፕ ያለው ዓይነት ደግሞ ሳይነካ ለወራት ሲቀመጥ ከያዘው ብዙውን ይጠብቃል፤ የቀድሞው ዓይነት ግን በሳጥን ውስጥ ሳለ ራሱን ያፈስሳል። በኒኮን ኩልፒክስ ኤል ካሜራዎች ሜኑ ውስጥ የባትሪውን ዓይነት የሚመርጡበት ቦታ አለ፤ ምርጫው ከገባው ባትሪ ጋር ካልተስማማ የሚያሳየው መጠን የተሳሳተ ይሆናል። አዲስና አሮጌ ድንጋይ አይቀላቅሉ። አልካላይን ፈስሶ ነጭ ዱቄት ከተወ ደግሞ ጓንት አድርገው፣ በጆሮ ማጽጃ ጥጥ ጫፍ ላይ ጥቂት የሎሚ ጭማቂ ወይም አቼቶ ነክተው ይጥረጉት፤ ከዚያም በአልኮል አጽድተው ፈጽሞ እስኪደርቅ ይጠብቁ።

በጥር ወር የከተራን ሌሊት ውጭ አድረው ጥምቀትን የሚያነሡ ሰዎች ባትሪያቸው ማለዳ ላይ መድከሙን ይናገራሉ። እውነት ነው፣ ቅዝቃዜ ባትሪን ያዳክማል፤ ይሁን እንጂ በባሕር ዳር ብርድ የሚጠፋው ጥቂት ሲሆን፣ ባትሪው በውስጥ ኪስ ሲሞቅ አብዛኛው ይመለሳል። እኔ ይበልጥ የምፈራው ሙቀቱን ነው። ወደ ጢስ ዓባይ ወርደው ፏፏቴውን እስኪያዩ ድረስ መስኮቱ በተዘጋ መኪና ውስጥ፣ ፀሐይ ላይ የተተወ ባትሪ የሚያጣው ዕድሜ ተመልሶ አይመጣም። ለረጅም ጊዜ የማይጠቀሙበትን ባትሪ ግማሽ ያህል ሞልተው፣ ከካሜራው አውጥተው ቀዝቀዝ ባለ ቦታ ያኑሩት።

ፈተናው ባትሪው ላይ ከፈረደና አዲስ መግዛት የግድ ከሆነ፣ የሚገዙት ፎርጅድ እንዳይሆን ክብደቱን ከአሮጌው ጋር ያመዛዝኑ፤ ቀለል ካለ ይጠርጥሩ። ላዩ ላይ የተጻፈውን ሚሊአምፒር ሰዓትም (mAh፣ ባትሪው የሚይዘውን መጠን) ያንብቡ። በአንድ ዓይነት መጠን ሆኖ የኦሪጅናሉን እጥፍ እይዛለሁ የሚል ባትሪ ይዋሻል። በብዙ የካኖን ሞዴሎች የባትሪው ጤንነት በሦስት ነጥቦች፣ በአንዳንድ ኒኮኖች ደግሞ ከ0 እስከ 4 በሚደርስ የዕድሜ ቁጥር ይታያል፤ 0 አዲስ፣ 4 የሚቀየር ማለት ነው። ያበጠ፣ ከካሜራው አልወጣም የሚል ባትሪ ካጋጠመዎት በጉልበት አይጎልጉሉት፣ ዳግመኛም ቻርጅ አያድርጉት።

ካሜራውን ወደ ጥገና ቤት መውሰድ ካስፈለገ ባትሪውንና ቻርጀሩን አብረው ይውሰዱ፤ የትኛው ሌሊት ምን እንዳሳየም ጽፈው ይያዙ። ባለሙያውንም «ባትሪው ቶሎ ያልቃል» ከማለት ይልቅ ካሜራው ጠፍቶ ሳለ ስንት ሚሊአምፒር እንደሚስብ እንዲለካልዎት ይጠይቁት።