የታክሲ አፕ ለወታደር ሲሰጥ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጅማ ላይ የሶፍትዌር ተማሪዎችን የመመረቂያ ፕሮጀክት አማክራለሁ። በየዓመቱ አንድ ቡድን «ለመከላከያ የሚሆን አፕ» ብሎ ይመጣል። ገልጠህ ስታየው ብዙ ጊዜ የታክሲ መጥሪያ አፕ ነው፤ ቀለሙ ብቻ አረንጓዴ ሆኗል። ሐሳቡ አይናቅም። አሜሪካኖችም አታክ የሚሉትን የጦር ካርታ አፕ የሚያሠሩት በአንድሮይድ ስልክ ነው። ችግሩ ሌላ ነው።

ኔትወርክ አለ ብሎ መጀመር

አንዱ ቡድን ቢሮዬ ሲያሳየኝ ሁሉም ነገር ፏ ብሎ ይሠራ ነበር። «እስቲ ዳታውን አጥፋና እንደገና ክፈተው» አልኩት ልጁን። ካርታው ግራጫ ሆኖ ቀረ።

«ቲቸር፣ ጂፒኤሱ እኮ ይሠራል!»

እውነቱን ነው። ጂፒኤስ ከሳተላይት ስለሚቀበል ኢንተርኔት አይፈልግም። ሰማያዊዋ ነጥብ ባዶ ግራጫ ላይ ቁጭ ብላለች። ወንዙ የት ነው? መንገዱስ? ካርታው ቀድሞ ስልኩ ላይ መጫን አለበት። መልእክቱም መስመር እስኪገኝ ወረፋ ይዞ መጠበቅ አለበት።

የአፑን ወሬኛነት መርሳት

ለእኔ ትልቁ ይሄ ነው። የታክሲ አፕ ዋና ሥራው ያለህበትን ለሌላ ሰው መናገር ነው። ወታደር ደግሞ ከዚህ ነው የሚሸሸው።

ስትራቫ የተባለው የሩጫ አፕ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2017 የተጠቃሚዎቹን እንቅስቃሴ ሰብስቦ በዓለም ካርታ ላይ አወጣ። ካርታው ላይ የማንም ስም የለም። በጃንዋሪ 2018 ግን ሰዎች አፍጋኒስታንና ሶሪያ ላይ፣ ጨለማ መሃል የሚያበሩ መስመሮች አዩ። በጦር ሰፈር ውስጥ ስፖርት የሚሠሩ ወታደሮች ነበሩ። ሰብሮ የገባ ሰው አልነበረም፤ አፑ የለመደውን ሥራ ነው የሠራው። በዚያው ዓመት ኦገስት ፔንታጎን በዘመቻ አካባቢ ቦታ ጠቋሚ አገልግሎቶችን ከለከለ።

ስለዚህ «ቦታዬን አታጋራ» የምትል ቁልፍ መጨመር አይበቃም። ኮዱ ውስጥ ማስታወቂያ የሚያመጡና አጠቃቀም የሚቆጥሩ ላይብረሪዎች፣ ማለትም ሌሎች ጽፈዋቸው እንዳሉ የሚጨመሩ የኮድ ጥቅሎች፣ ይኖራሉ፤ አንድ በአንድ ፈልጎ ማውጣት ነው። ስልኩ ራሱም ከኔትወርክ ማማ ጋር ያወራል፤ ያንን ደግሞ አፕህ ዝም አያሰኘውም።

የድሮ ካርታንና ስልክ የሚሰጠውን የቦታ ቁጥር ማደባለቅ

ስልክ ቦታን የሚሰጠው ደብሊው ጂ ኤስ 84 በሚባለው፣ ጂፒኤስ በሚጠቀምበት የቦታ መለኪያ ሥርዓት ነው። የቆዩት የአገራችን 1፡50,000 ካርታዎች ደግሞ አዲንዳን በሚባለው የቀድሞ የመለኪያ ሥርዓት ነው የተሠሩት። ሳይቀየር ከተነበበ ጅማ አካባቢ ከ200 ሜትር በላይ ያሳስታል። ለባጃጅ ሾፌር ይህ በአንድ ስልክ ጥሪ የሚያልቅ ነገር ነው። ቁስለኛ ለሚፈልግ ቡድን ግን ከወንዝ ማዶ ሊሆን ይችላል።

የሙከራውን አፕ ሜዳ ማውጣት

እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ በሆነ ሪፖርት የአሜሪካ ባሕር ኃይል መርማሪዎች ለውጊያ ያልጸደቁ ሁለት የካርታ አፖች የደህንነት ክፍተት እንዳለባቸው፣ ወታደሮቹም በቅጡ እንዳልተነገራቸው ጽፈዋል። ሰው የሚመቸውን ይጠቀማል፤ «ለሥልጠና ብቻ» ብትለውም አይሰማህም።

ጣት ደረቅ ነው፣ ጊዜውም ቀን ነው ብሎ ማሰብ

ጅማ ላይ በክረምት ይህን መፈተሽ ቀላል ነው፤ በረንዳውን አልፎ መውጣት ብቻ። ዝናቡ ስክሪኑን ይነካካዋል። ያ ቡድን «ላክ»ንና «ሰርዝ»ን ጎን ለጎን አድርጓቸው ነበር፤ እርጥብ ጣት መሃላቸው ይንሸራተታል። ማታ ደግሞ የነጩ ገጽ ብርሃን የያዘውን ሰው ፊት ያበራዋል።

ልጁ ከሁለት ሳምንት በኋላ በስብሶ መጣ። ስልኩን በፌስታል ጠቅልሎታል።

«ቲቸር፣ በፌስታሉም ላይ ይነካል!»

ዳታውን አጥፍቼ ሞከርኩት። ካርታው መጣ። «ሰርዝ» ግን አሁንም «ላክ» አጠገብ ነበር።